በቱሉ ዲምቱ አጥቢያ ስንጀምር፦ ሞንታርቦ፣ ሁለት ቋንቋና ሽሮ

የመጀመሪያው ስህተታችን ሞንታርቦ መግዛታችን ነው።

ሠላሳ ሰባት ሰው ነበርን። አዳራሻችን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ የመጨረሻ ብሎክ ጀርባ፣ ከአንድ ገበሬ ግቢ የተከራየነው። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለ ሰው ቢያስነጥስ ሰባኪው ከመድረክ «ይማርህ» የሚልበት ስፋት ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን ያለ ሞንታርቦ ምን ቤተ ክርስቲያን ነው አልንና አዋጥተን ሁለት ትልልቅ ገዛን። አንዱን ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ወደ ደጅ አዞርነው። ሰፈሩ ይስማ ብለን ነው። ሰፈሩም ሰማ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ አባት መጡ። ጎረቤት ብሎክ የሚኖሩ ሙስሊም ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። አልተቆጡም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ፣ «ልጄ ነርስ ናት። ሌሊቱን ተረኛ ነበረች። አሁን ነው ጋደም ያለችው» አሉን። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰላም ብለውን ሄዱ።

ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ለቁጣ መልስ ነበረን። «እናንተም ጋ ድምፅ አለ» እንል ነበር። ለተኛች ነርስ ግን ምን መልስ አለ?

በከተማው ዳር አዲስ አጥቢያ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች «እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስድስት ዓመት የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ የተሳሳትነውን ሁሉ ከነቀኑ አውቀዋለሁ። የተሳካልንን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አባላት ነን፤ ሉተራን ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያውቅ የለም። ሁላችንም «ጴንጤ» ነን።

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው። የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ነው። ስሙ ኦሮምኛ ነው፣ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት እዚያ መኖር ከጀመርኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በየቀኑ ለታክሲ ረዳት የምጠራውን ስም ትርጉሙን አልጠየቅሁም።

ያደግሁት አራት ኪሎ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልኝ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ሰፈሩን ሳየው ግን አለቀስኩ። ውሃው በፈረቃ ነው። ከመሸ ታክሲ የለም። ጎረቤቱ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። እንደኔ ዕጣ የደረሳቸው ከመርካቶ፣ ከጉለሌ፣ ከልደታ መጥተዋል። ተከራዮቹ ደግሞ ከወለጋ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቃሊቲና ቂሊንጦ ፋብሪካ ይሠራሉ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። ከሁላችንም በፊት ደግሞ መሬቱን ሲያርሱ የነበሩ ገበሬዎች አሉ። ከብሎኩ ጀርባ የጭድ ክምራቸው ይታያል።

መካነ ኢየሱስ ወለጋም፣ ሐዲያና ከምባታም ሥር የሰደደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ደጁን ስንከፍት «እናቴ ቤት ያደግሁበት ነው» የሚል ሰው ከየብሎኩ ብቅ አለ። ሁሉም ልጅነቱን ይዞ ነው የመጣው። መዝሙሩን በለመደው ቋንቋ፣ በለመደው ዜማ ይፈልገዋል።

በመጀመሪያ ትርጉም ሞከርን። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ አንድ በኦሮምኛ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ተግባሩን ልንገራችሁ። ሰባኪው በየዓረፍተ ነገሩ ስለሚቋረጥ ሐሳቡ ይጠፋበታል። ተርጓሚያችን ጎበዝ ወጣት ነው፤ ሞቅ ሲለው የራሱን መስበክ ጀመረ። ሰባኪው «ጌታ መልካም ነው» ይላል፣ እሱ ሦስት ደቂቃ ይተረጉማል። አንድ እሑድ አራት ሰዓት የተጀመረ ስብከት ስድስት ሰዓት ተኩል አለቀ። ልጆች ወንበር ሥር ተኝተዋል። አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ስትወጣ፣ «እኔ ሁለቱንም ቋንቋ እሰማለሁ፤ ሁለት ጊዜ ተሰበከብኝ» አለችኝ።

ከዚያ ለየነው። ኦሮምኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አማርኛው አራት ሰዓት ተኩል። ሰላም ወረደ። በሁለቱም በኩል ሰው ጨመረ። ቃለ ጉባኤው ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ጻፍኩ።

ጉዱ የታየኝ በሩ ላይ ነው። የሚወጣውና የሚገባው በአንድ በር ይተላለፋል። በመጀመሪያው ወር ይሳሳማል። በሦስተኛው ወር አንገት ነቅነቅ ብቻ። ከዚያ «ወንበሩን እንዲህ ጥለውት የሚሄዱት እነሱ ናቸው»፣ «የማይኩን ባትሪ ጨርሰው የሚያስረክቡን እነሱ ናቸው» ተጀመረ። አንድ ማታ ቃለ ጉባኤ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ «እነሱ» የሚለውን ቃል ቆጠርኩት። በአንድ ገጽ አሥራ አንድ ጊዜ። የጻፍኩት እኔው ነኝ። የዚያን ዕለት ነው የደነገጥኩት።

መንገዱን ያሳዩን አንድ አዛውንት ናቸው። ከወለጋ ልጃቸው ጋ መጥተው አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አባት ነበሩ። «አባ» ነበር የምንላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸውም ደረጃ አይችልም። በየሐሙሱ ሁለት ሁለት ሆነን እንጠይቃቸው ነበር። አንድ ሐሙስ ሁለተኛዋ ቀረችና ብቻዬን ሄድኩ። ቤት ውስጥ ያለችው የልጅ ልጃቸው ነች፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከትራስ ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ቆዳው ተላልጦ በፕላስተር ተጠግኗል። ስከፍተው ኦሮምኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የእኛው ሀሁ ነው።

ታሪኩን ያን ጊዜ በደንብ አላውቀውም ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነው። የላቲኑ ቁቤ በይፋ በሥራ ላይ የዋለው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ስለዚህ አባ የሚያውቁት ኦሮምኛ በሀሁ የተጻፈውን ነው። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት የተማረችው ቁቤ ነው። ቋንቋው የሁለቱም ሆኖ የእሳቸውን መጽሐፍ ማንበብ አትችልም።

እኔ ደግሞ ፊደሉን አነባለሁ፣ አንድም ቃል አይገባኝም።

«አንብቢልኝ» አሉኝ። ዮሐንስ ምዕራፍ 14ን ከፈትኩ። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል እየቆጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ። ደ ላይ ጭረት ያላትን ዸን ሳገኝ ዝም ብዬ «ደ» እላታለሁ። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ቁጥር 6 ላይ ስደርስ ሳቁ። እውነት የሚለው ቃል «ዹጋ» ነው፤ እኔ «ዱጋ» ብዬዋለሁ። ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አድርገው እንዴት እንደሚፈነዳ አሳዩኝ። እኔ ስሞክር የልጅ ልጃቸው ከማድ ቤት እየሳቀች መጣች። እሷ ድምፁን፣ እኔ ፊደሉን፣ እሳቸው ትርጉሙን ይዘን አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ቡናው ሁለት ጊዜ ፈላ።

በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ይህን ተናገርኩ። ሰንበቱን መልሰን አንድ ማድረግ እንደማንችል ሁላችንም እናውቃለን። ግን በወር አንድ እሑድ፣ የጌታ እራት በሚሰጥበት ቀን፣ አብረን እንሁን ተባለ። እዚህ ላይ ሉተራን መሆናችን ጠቀመን። ወጣቶቻችን ሊተርጂ አይወዱም። «ደረቅ ነው» ይላሉ። እውነት ለመናገር አንዳንዴ ደረቅ ነው። ግን ሥርዓቱ የታወቀ ስለሆነ ሰው ቋንቋው ባይገባው እንኳ የት እንደደረሰ ያውቃል። ንስሐ፣ ንባብ፣ የእምነት መግለጫ፣ ስብከት፣ ጸሎት፣ ቡራኬ። ተርጓሚ አያስፈልግም። ሉተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1522 አዲስ ኪዳንን ለሕዝቡ በጀርመንኛ ያወጣው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይስማ ብሎ አይደል? እኛ ደግሞ ሁለት «የሚገባው ቋንቋ» ስላለን ንባቡን አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ አደረግነው። ስብከቱ በአንዱ ቋንቋ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ በወሩ ይቀያየራል። ፍሬ ነገሩ በሌላው ቋንቋ በግማሽ ገጽ ተባዝቶ በር ላይ ይታደላል። ለፎቶ ኮፒ የምናወጣው ከሞንታርቦው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

አባታችን ሆይን ደግሞ ሁሉም በአፍ መፍቻው እንዲል አደረግን፣ እኩል ጊዜ። መጀመሪያ ቀን ጫጫታ መሰለኝ። ሐዲይኛ አለ፣ ወላይትኛ አለ፣ ከኋላ ከምባትኛ አለ። መሐል ላይ ይበታተናል። መጨረሻው ላይ ግን «አሜን» አንድ ላይ ይወድቃል። ይህን ሳትሞክሩ እንዳትጀምሩ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ኮሚቴም አይጠይቅም።

ጎረቤት ደጋግሞ የሚጠይቀን ሌላ ነገር ጥምቀት ነው። በሰፈራችን ባል ኦርቶዶክስ፣ ሚስት ጴንጤ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። «እናንተ ጋ ከመጣሁ ዳግም ልጠመቅ ነው?» ይላሉ። እኛ ሕፃናትን እናጠምቃለን፤ በሥላሴ ስም በልጅነቱ የተጠመቀን ሰው እንደገና አናጠምቅም። ይህን በግልጽ ስንናገር የስንቱ ቤት ጭቅጭቅ እንደበረደ ቤቱ ያውቀዋል። ያላችሁበት ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብቻ መልሳችሁን አስቀድማችሁ እወቁ፤ በር ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ምግብ ላይም ተሸወድን። የመጀመሪያውን የሰፈር ግብዣ ያደረግነው በዓቢይ ጾም ነው፣ በዶሮ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በትሕትና ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ሙስሊሞቹም የእኛን እርድ አይበሉም። ዶሮውን ሳምንቱን ሙሉ እኛው በላነው። ከዚያ ወዲህ ለሰፈር የሚቀርብ ነገር ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ነው። ሽሮ የማይበላ ሃይማኖት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ ልበል። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ሦስቱ ከአንድ ቤተሰብም ከአንድ አገርም አይሁኑ። ኪራይ ስትዋዋሉ አከራዮቹ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። በደላላ የመጣ «ርካሽ ቦታ» ላይ ቀብድ አትክፈሉ። እኛ ከፍለናል። ካርታ የሌለው፣ በውል ወረቀት ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቦታ ነበር። ደላላው ስልኩን ዘጋ። ይህን እዚህ ላይ ላቁመው፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከዕድር ነው። ስንጀምር የራሳችንን መረዳጃ አቋቋምን። ድንኳን ገዛን፣ ድስት ገዛን። ሰው ሲሞትብን ራሳችን እንቀብራለን ብለን ከብሎኩ ዕድር ራቅን። ምክንያታችንም ነበረን፤ ሥርዓቱ ይለያያል፣ ተዝካር ይኖራል፣ ወዘተ። ጎረቤቶቻችን ግን የተረዱት በሌላ መንገድ ነው። «እነዚህ ቢሞቱም ከኛ ጋር አይሞቱም» አሉ። ይህን የነገረችኝ ከጎኔ በር የምትኖር ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ ናት፤ ቡና እየጠጣን ነበር። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በየግላችን እየሄድን የብሎኩ ዕድር ውስጥ ተመዘገብን። በቤተ ክርስቲያን ስም አይደለም፣ በቤት ቁጥር። መዋጮ እንደማንኛውም ሰው ከፈልን፤ ስንቀር እንደማንኛውም ሰው ተቀጣን። ወጣቶቻችን ደግሞ ለቅሶ ቤት ውሃ ያመላልሱ ጀመር። ኮንዶሚኒየም ላይ ለቅሶ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ለቅሶኛ የሚመጣው ቀን ነው። ጀሪካን ይዞ አምስተኛ ፎቅ የሚወጣ ጉልበት ከጥቅስ በላይ ይፈለጋል።

አንድ ሽማግሌያችን ተቃወሙ። «ውሃ መቅዳት የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይደለም፣ ወንጌል ነው ሥራችን» አሉ። ቄሳችን በታሪክ መለሱላቸው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ መካነ ኢየሱስ ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ጽፋለች። ፍሬ ነገሩ ወንጌልንና ልማትን አትለያዩብን፣ ሰው አንድ ሙሉ ሰው ነው የሚል ነው። ዛሬ ሁለንተናዊ አገልግሎት የምንለው ይህንኑ ነው። ቄስ ጉዲና በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። «እሳቸው ሞተውለታል፣ እኛ ጀሪካን አንሸከምም?» አሉ ቄሳችን። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። ተቃዋሚው ሽማግሌም በሚቀጥለው ለቅሶ ጀሪካን ይዘው ታዩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀብለናቸዋል፣ ወገባቸው ደህና አይደለም።

ሞንታርቦውን ሳልጨርስ። ሐጂ ከመጡ በኋላ የደጁን ነቅለን ዕቃ ቤት ወረወርነው። አባ ይህን ሲሰሙ በጣም ሳቁብን። በወጣትነታቸው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን ያዳምጡ ነበር። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ጣቢያ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አፍሪካንና እስያን ያዳርስ ነበር። መጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። «ያኔ ድምፃችን ባሕር ይሻገር ነበር» አሉኝ፣ «እናንተ አጥር ስትሻገሩ ነርስ ቀሰቀሳችሁ።»

አባ ያረፉት ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ነው። የብሎኩ ዕድር ድንኳን ተከለ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠባብ ስለሆነ ሬሳ ሳጥን መታጠፊያው ላይ አያልፍም፤ ቀጥ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ስለሆነ መታጠፊያው ብዙ ነው። በየመታጠፊያው ተሸካሚው ይቀያየራል። ሦስተኛው ላይ ከታች በኩል ትከሻ የሰጡት የሐጂ ልጆች ናቸው። የልጅ ልጅየው ከኋላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትወርዳለች።

ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። ከወለጋ በሌሊት የመጡ ዘመዶች ስላሉ ንባቡ በኦሮምኛ እንዲሆን ተባለ። ከአባ መጽሐፍ ይነበብ አሉ። ያንን ፊደል የሚያነብ ጠፋ። ልጅቷ ወደኔ ጠቆመች።

ሐጂ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ቄሳችንን ወደ ጎን ጠራ አድርገው፣ «ያ ሞንታርቦ የት ደረሰ?» አሏቸው። «ውጭ ያለው ሰው አይሰማም።»

ሁለት ልጆች ሮጠው ከነአቧራው አመጡት። ዮሐንስ 14ን አነበብኩ። ከቁጥር 6 በፊት ትንፋሽ ወሰድኩና ምላሴን ላንቃዬ ላይ አደረግሁ። ከኋላዬ የልጅ ልጃቸው ቀድማኝ በሹክሹክታ «ዹጋ» ስትል ማይኩ ያዛት።

ሰው ሁሉ ወደ ቀብር ሲሄድ ሐጂ ወደ ኋላ ቀሩ። ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር።